ዳንስ ጠሪው ላፕቶፑን ሲጸየፍ

ኦረስት ዳኒልቹክ ላፕቶፑን የሚከፍተው የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚያነሳ ሰው ነበር፤ በሁለት ጣቱ፣ ፊቱን አዙሮ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። በስቴፕልቶን ከተማ የእህል ጎተራ ሹም ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ የበሰበሰ ስንዴ አሽትቷል፣ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ድመት በአካፋ አውጥቷል፤ አንድም ቀን አላቅለሸለሸውም። ይሄ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ጥቁር ዕቃ ግን ገና ሳይበራ ይዘገንነው ነበር።

የሚፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ኦረስት የካሬ ዳንስ ጠሪ ነው። አራት ወንድና አራት ሴት በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ጠሪው መድረክ ላይ ሆኖ ሙዚቃውን ያስጀምርና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ በማይኩ ይናገራል። «ለጓደኛችሁ እጅ ንሱ! ግራ እጅ ስጡ! ወደ መሃል ግቡ!» ደናሾቹ የሚመጣውን አያውቁም፤ የጨዋታው ጣዕምም እሱ ነው። ጆሯቸውን ለድምፅ ማጉያው አስረክበው የተባሉትን ሳያስቡ ያደርጋሉ። ኦረስት እሁድ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በዘማቾች ማኅበር አዳራሽ ሰው ሲያሽከረክር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው።

ከመድረኩ ሥር ባለው የመጀመሪያው ካሬ ሁልጊዜ የምትቆመው ሚስቱ ኢሌን ናት። ባሏ ማይክ ላይ ስለሆነ ሚስቱ ከሞተችበት ከጎርደን ጋር ትጣመራለች። ኢሌን ተሳስታ አታውቅም። ሌሎቹ ግራ ሲገባቸው እሷን አይተው ይከተላሉ፤ ኦረስትም ቢሆን ጥሪው የተወሳሰበበት እንደሆነ የእሷን እግር አይቶ ነው ወደ መስመሩ የሚመለሰው። ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ላፕቶፑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲገዛ ጨዋ ነበር። ኦረስት ሁለት መቶ ያህል የዳንስ ሙዚቃ ከሸክላ ወደ ውስጡ አስገልብጦ፣ ሙዚቃ የምታፈጥንና የምታዘገይ አንዲት ፕሮግራም አስጭኖ፣ ያጫውትበታል፣ ይዘጋዋል፣ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ጠባዩ እየከፋ መጣ። አንድ ጠዋት ሲከፍተው ስክሪኑ ጥግ ላይ የአንዲት ተዋናይት የፍቺ ወሬ ተለጥፏል። ማን ጠየቀህ? በሌላ ቀን የልደት ቀንዎን ይንገሩን አለው። በሌላ ቀን ደግሞ ሙዚቃዎችዎን ደመና ወደሚባል ቦታ ወስደንልዎታል፣ ቦታው እየሞላ ስለሆነ ይክፈሉ አለው። ደመና! የኦረስት አባት ዕድሜውን ሙሉ በደመና ሲታለል የኖረ ገበሬ ነበር። ኦረስት ስለ ደመና አስተማሪ አያስፈልገውም።

«ቆሻሻ!» ይላል፣ ቁርሱን ገፋ አድርጎ። «በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ጉልት ገበያ ይዘረጋብኛል! ይሄ እኮ ዕቃ አይደለም፤ በሩን ስትከፍቺለት እግሩን የሚያስገባ ሻጭ ነው።»

«ታዲያ አትክፈተው» ትላለች ኢሌን።

«ሙዚቃዬ ውስጡ ነውና!»

ባለፈው ጸደይ ደግሞ የባሰው መጣ። ማሽንዎ አርጅቷል፣ አድሰን እናስነሳው፣ አለዚያ አዲስ ይግዙ የሚል ማስታወቂያ በከፈተው ቁጥር ይወጣበት ጀመር። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነበር። አንዱ «አሁን» ይላል፤ ሌላው «ቆይተው ያስታውሱኝ»። እምቢ የሚባልበት የለም። ኦረስት «ቆይተው ያስታውሱኝ» የሚለውን በተጫነ ቁጥር ጣቱን በሱሪው ይጠርግ ነበር። አዲስ መግዛት አቅቶት አይደለም። አዲሱ የዚሁ ልጅ ነው፤ የአባቱን ጠባይ ይዞ፣ ጥርስ አብቅሎ ነው የሚመጣው።

እንዲህ ሲጠላው ቆይቶ፣ ሰኞ የሚውለው የምስጋና በዓል ዋዜማ እሁድ ደረሰ። አምስት ካሬ ሞልቷል፣ አርባ ሰው። በጓዳው በኩል የዱባ ኬክ ተደርድሯል። ኦረስት ሦስተኛውን ዘፈን አስጀምሮ፣ ሰዉን አሽከርክሮ አሽከርክሮ፣ ደናሾቹ ከየቦታቸው እጅግ በራቁበት ሰዓት ሙዚቃው ቀጥ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ማር የተቀባ የሴት ድምፅ ከአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጣ።

«እንኳን ደህና መጡ!» አለች ሴትዮዋ።

በስቴፕልቶን ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚያ ድምፅ ማጉያ የወጣ ነገር ሁሉ ትእዛዝ ነበር። ግማሹ አዳራሽ እጅ ነሳ።

«አብረን እንጀምር!» አምስቱም ካሬ ተያይዞ ወደ መሃል ገባ። «ለመቀጠል ወደ ቀኝ ያንሸራትቱ!» አርባ ሰው እግሩን ከወለሉ ሳያነሳ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፤ ያውም ሁሉም እኩል። «አገርዎን ይምረጡ!» ሲባል ብቻ ነው ግራ የገባቸው። አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ ሳቅ ፈነዳ። በርናዴት የምትባለው የክበቡ ሊቀመንበር እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ «ኦረስት፣ ይቺ ካንተ ትሻላለች! ቢያንስ ደህና መጡ ትላለች!» አለች። አዳራሹ እንደገና አውካካ።

ሳቁ አይደለም ኦረስትን ያስጠላው። መታዘዛቸው ነው። ስሟን የማያውቋት፣ አንድ ቀን ቡና አብራቸው ያልጠጣች፣ ከሳጥን የወጣች ሴት ተንሸራተቱ ስትላቸው ተንሸራተቱ።  በዚህ መሃል አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ዓርብ ዓርብ ኢሌን የቤተ ክርስቲያኑን ሳምንታዊ ወረቀት የምትጽፈው በዚሁ ላፕቶፕ ነው። ማይኩ አፉ ላይ እንዳለ ዘወር አለና፦

«ኢሌን! ይሄን ዕቃ አትነካኪው ብዬሽ አልነበረም?»

ድምፁ ከአራቱም ማዕዘን ተመልሶ መጣ። ሳቁ ጠፋ። ኢሌን ወደ ግድግዳው ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የዳንስ ጫማዋን ዘለበት ፈታች፣ ጫማውን በጨርቅ ቦርሳዋ ከተተች፣ ቦቲዋን አጥልቃ ወጣች። እሱ እስኪጨርስ ድረስ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችው። ቤት ሲደርሱ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «የድንች ፒሮጊውን ላሙቅ ወይስ ሾርባ ይበቃሃል?»

በሚቀጥለው እሁድ «አንተ ሂድ» አለችው። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም። ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ምግቡን በሰዓቱ ታቀርባለች፤ የጨርቅ ቦርሳዋ ግን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር አልወረደም። በአዳራሹ የመጀመሪያው ካሬ ያለ እሷ ይፈርሳል፣ ይሰበሰባል፣ ይፈርሳል። ሰው ሲጠይቀው ኦረስት «ጉልበቷን ትንሽ አሟታል» ይላል። የኢሌን ጉልበት ደህና መሆኑን የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

ኦረስት በዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ሆነ፤ ኢሌን ከመድረኩ ሥር ወደ ቦታዋ እንድትመለስ። ይቅርታ ቢጠይቅ ይበቃ እንደነበር ሳይገባው አልቀረም። ነገር ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ጥፋተኛ መሆን አለበት፤ በእሱ ሂሳብ ጥፋተኞቹ ደግሞ ማሽኑና የነካካችው ሚስቱ ናቸው። ስለዚህ ሚስቱን ትቶ ማሽኑን ሊቀጣ ተነሳ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው።

አብራም ፍሪሰን ዘንድ ሄደ። አብራም ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳንስን ስለማትወድ የዘማቾቹን አዳራሽ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይቶት አያውቅም። ከተማው የጣለውን ኮምፒውተር እየሰበሰበ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሲስተም ይጭንበታል። ገንዘብ አይቀበልም፤ ስብከቱን መስማት ግን ግዴታ ነው። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩት የሚሻገሩት ክፉ ሆኖ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

«መጣህ?» አለው አብራም፣ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ከአፉ ጥግ ወደ ቡና ቆርቆሮ እየተፋ። «ስድስት ዓመት ጠበቅኩህ።»

«ለንስሐ አልመጣሁም። ይሄን ግም ነገር እንድታይልኝ ነው።»

«ሁሉም ሲጀምር እንደዛ ነው የሚለው።»

ጋራዡ ወለሉ ቅርፊት፣ ጠረጴዛው ሽቦ ነው። ቆርቆሮውን የሳተው ምራቅ የደረቀበትን ወንበር ኦረስት በእግሩ ገፋ አድርጎ ሌላ ሳበ። አብራም ላፕቶፑን ከፍቶ ማስታወቂያዎቹን ሲያይ የታመመ ሕፃን እንዳየ ሰው ምላሱን ጠጠጠ አደረገ። ወዲያው ስብከቱ ተጀመረ። ሰው በገዛ ማሽኑ ላይ ጭሰኛ መሆን የለበትም፤ ይሄኛውን ማንም ከፍቶ ውስጡን ማየት፣ ማስተካከል፣ ለጎረቤቱ ማካፈል ይችላል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች እየጻፉ በነፃ ይሰጡታል።

«ለምን?» አለ ኦረስት።

«ለምን ማለት?»

«ለምን በነፃ ይሰጣሉ? ሠላሳ አንድ ዓመት እህል ስመዝን በነፃ ስንዴ የሰጠኝ አንድ ሰው ነው። ግማሹ የአይጥ ፋንድያ ነበር።»

«አንተስ እሁድ እሁድ ስንት ይከፈልሃል?»

ኦረስት ቡናና አንድ ቁራሽ ኬክ ነው ማለት አሳፈረው። «ያ ዳንስ ነው» አለ።

«ስለ ዳንስ እንኳ አላውቅም።»

«ኃጢአት ነው ብለሃላ።»

«ቤተ ክርስቲያኔ ናት ያለችው። እኔ የተስማማሁት በወገቤ ምክንያት ነው» አለና አብራም አንዲት ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። «አሁን ምንም አልቀየርኩም። ሲስተሙ ከፍላሿ ላይ ነው የሚነሳው። ቅመሰው፤ ካልጣመህ ትነቅላታለህ፣ የድሮው እንዳለ ነው።»

ስክሪኑ በራ። ግራጫ ሜዳ፣ ጥግ ላይ ሦስት ምልክት። ኦረስት ጠበቀ።

«አሁንስ?»

«አሁን ምን?»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። አንተ እስክትለው ይጠብቃል።»

ይሄም ደስ አላለውም። ዘጠኝ ዓመት ሲለፈልፍበት የኖረ ማሽን ድንገት ዝም ሲል ዝምታው ሥር አንድ ነገር ያለ መሰለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ፊደሎቹ ደቃቃ ናቸው። አብራም ሙዚቃ የምታፈጥንና የምታዘገይ ሌላ ፕሮግራም አገኘለት፤ ትሠራለች፣ ግን ቁልፎቿ እዚህም እዚያም የተበተኑ ናቸው።

«አስቀያሚ ናት» አለ ኦረስት።

«አስቀያሚ ናት። ልደትህን ግን አትጠይቅህም።»

«የኢሌን ማተሚያስ? የቤተ ክርስቲያን ወረቀቷን የምታትምበት?»

«እሱ ሊያስቸግር ይችላል። አልዋሽህም።»

«እንግዲህ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ያሉት ወደው አይደለም።»

«ሰይጣኑን ስላወቅከው ምን ጠቀመህ?» አለ አብራም።

ኦረስት ወደ መጣበት ጉዳይ ገባ። ማሽን የተደረገበትን ሁሉ ይመዘግባል ሲባል ሰምቷል። የድሮው ከመጥፋቱ በፊት ያን እሁድ ኢሌን ምን እንደነካችበት ማየት ይፈልጋል። በወረቀት አትሞ ቢያሳያት እሷም ጥፋቷን አይታ ኩርፊያዋን ትተዋለች፤ ነገሩ በሰላም ያልቃል። እንዲህ ብሎ ነው ለአብራም የነገረው፣ ደግነት እየሠራ እንዳለ ሰው።

አብራም ፍላሿን ነቅሎ የድሮውን አስነሳና መፈለግ ጀመረ። ሲፈልግ ሲፈልግ ማኘኩን አቆመ።

«ይሄን ማን ሞላው?»

ስክሪኑ ላይ አንድ ገጽ ነበር። «የሥራ ቀንዎና ሰዓትዎ መቼ ነው? ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ማሽንዎን አድሰን እናስነሳዋለን» ይላል። ከሥሩ መልሱ ተሞልቷል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። እሁድ ባዶ ነው። ቀኑ የባለፈው ጸደይ ነው። ቀጥሎ ዝርዝር አለ፤ አርባ አንድ ጊዜ «ቆይተው ያስታውሱኝ» ተብሏል። ከአርባ አንደኛው በኋላ ማሽኑ መለመኑን ትቶ በተሰጠው ነፃ ቀን፣ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራውን ሠርቷል።

ኦረስት አነበበው። ደግሞ አነበበው። በስቴፕልቶን ያደገ ሰው እሁድን ሥራ ብሎ አይጠራም። እናቱ እሁድ ቁልፍ የሰፋ ሰው ሰኞ ጣቱን ይወጋል የምትል ሴት ነበረች። እሁድ የሚደረግ ነገር ላብ ቢያንጠፈጥፍም፣ ድምፅ ቢዘጋም፣ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የሥራ ቀንህ መቼ ነው ሲባል እሁድን አልቆጠራትም፤ ማሽኑን ግን ከእሁድ በቀር ለቁም ነገር አይፈልገውም።

«እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምሞላው» አለ አብራም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያዘዝከውን ነው ያደረገው፣ ኦረስት።»

ኦረስት አፉ ውስጥ መራራ ነገር መጣበት። ያን ጣዕም ከጸደይ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ግን ሁልጊዜ የሚተፋበት ነገር ነበረው። አሁን አጣ። ኢሌን የጫማዋን ዘለበት ስትፈታ ታየው። ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ አርባ ሰው እያያት። ራሱን ተጸየፈ። አብራምንም ይህን በማየቱ ተጸየፈው።

አብራም ፍላሿን መልሶ ሰካና አንድ ገጽ ከፈተለት። «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መጫን» የሚል ቁልፍ አለው።

«ይሄን ከተጫንከው ያ ገጽ ከዛሬ ጀምሮ በዓለም ላይ የለም» አለ አብራም። «ስድስት ዓመት እንድትጫነው ስለምንህ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ለምን እንደምትጫነው እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንም ካልጠየቀኝ አልናገርም። ከጠየቀኝ አልዋሽም።»

«ማን ይጠይቅሃል? አዳራሹ እኮ አትገባም።»

«አልገባም።»

ኦረስት ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖረ። ቀላል ነበር። ያ ቆሻሻ ነበር፣ አጠፋሁት፣ ይኸው አዲስ ሲስተም፣ ነይ እንሂድ ሊላት ይችላል። አዳራሹም ማሽኑን አብሮት ይሰድብለታል። ከቁልፉ አጠገብ ሌላ ቁልፍ ነበር፤ «ተመለስ» ይላል። ኦረስት ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እሱን ተጭኖ፣ ፍላሿን ነቅሎ ላፕቶፑን ዘጋና በብብቱ ይዞት ወጣ።

ኢሌን ወጥ ቤት ቆማ በጎመን ቅጠል ሩዝ ትጠቀልላለች። ኦረስት ላፕቶፑን ከጎመኑ አጠገብ አኑሮ ገጹን ከፈተላት። እሷ እጇን እንኳ አልጠረገችም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችውና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

«አውቀዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«መነጽርህን መኪና ውስጥ ረስተህ አንብቢልኝ ያልከው እኮ እኔን ነው። አነበብኩልህ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በይው አልከኝ። እሁድስ አልኩህ። እሁድ ሥራ አይደለም፣ አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ አልክ። ጻፍኩ።»

ኦረስት ትዝ አለው። ሁሉም ነገር ትዝ አለው፤ ማንኪያ በእጇ ይዛ እንደነበር ጭምር።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«በምን? ማይኩ አንተ ጋ ነበር።»

 ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኢሌን። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። 

«እሺ» አለች። «ለኔ ነገርከኝ፣ ጥሩ ነው። ያን ቀን ግን የተናገርከው ለአርባ ሰው ነበር።» ድስቱን ወደ ምድጃው አዞረች።

ቅዳሜ ኦረስት እንደገና አብራም ጋራዥ ተገኘ። አብራም የጓጓለት ነገር በእጁ ሊገባ ሲል ኅሊናው አላስቀምጠው ያለ ሰው ነው፤ «ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ለምን ትቀይረዋለህ? እሁድን ጨምርበትና ባለበት ተጠቀም» አለው።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ግማቱ ግን የራሱ ነው» አለ ኦረስት። «ወሬ ለጠፈብኝ፣ ልደቴን ጠየቀኝ፣ ሙዚቃዬን ወስዶ ክፈለኝ አለኝ። ያን እኔ አላዘዝኩትም። ሁለቱን ለያይቼ ነው የምጠላቸው።»

ሙዚቃዎቹን ወደ ውጭ ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ ቁልፉን ራሱ ተጫነ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ማሽኑ ሲጨርስ እንኳን ደስ ያለህ አላለውም። የኢሌን ማተሚያ እንደተፈራው አስቸገረ፤ እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጦ ነው የሚያትመው።

እሁድ ኦረስት ሊወጣ ሲል ኢሌን ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። የጨርቅ ቦርሳው ጭኗ ላይ ነው።  አዳራሹ ሲደርሱ ካፖርቷንም ቦቲዋንም ሳታወልቅ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

ኦረስት መድረኩ ላይ ወጣ። ሙዚቃ አላስጀመረም።

«የዛን እሁዱን ነገር» አለ በማይኩ። «ኢሌን ምንም አልነካችም። ማሽኑን እሁድ ተነስ ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራ የለኝም ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በርናዴት እጇን አወናጨፈች። «ኧረ ተወው ኦረስት! ማን ያስታውሰዋል? ማሽን ሁሉ አንድ ነው፣ ሁሉም ቆሻሻ ነው! ደሞ እኛ ሴቶች መነካካት መች እንተዋለን!» ሌሎቹም «እውነት ነው፣ ተወው፣ ሙዚቃውን ልቀቀው!» አሉ። ጭብጨባ ተጀመረ።

ምሕረቱ እንዲህ ረክሶ ሲቀርብለት ኦረስትን ከስድብ ይልቅ አቅለሸለሸው። ሳይጠየቅ ጥግ ላይ እንደሚለጠፍ ማስታወቂያ ነበር።

«ዝም በሉ!» አለ። ድምፅ ማጉያው ጮኸ። አርባ ሰው ዝም አለ፤ እንደተለመደው። «አልሰማችሁኝም። እሷ እሁድስ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ከዚያ እዚህ፣ ፊታችሁ፣ የራሴን እድፍ በእሷ ላይ ጠረግኩ። እናንተም ጉልበቷን ነው ስላችሁ እያወቃችሁ እሺ አላችሁ። ይኸው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ከጓዳው የቡና ማፍያው ሲንፎለፎል ይሰማል። ኢሌን ጎንበስ ብላ ቦቲዋን አወለቀች፣ ጫማዋን ከቦርሳው አወጣች፣ ዘለበቱን አሰረች። መጥታ ከጎርደን ጎን በቦታዋ ቆመች።

ኦረስት የአስቀያሚዋን ፕሮግራም ቁልፍ ተጫነ። ሙዚቃው ጥርት ብሎ ወጣ።

«ለጓደኛችሁ እጅ ንሱ!»

አዳራሹ እንዳለ ጎንበስ አለ። ኢሌን አላለችም። ቀጥ ብላ ቆማ ታየዋለች። ያልሰማች መሰለው።

«ግራ እጅ ስጡ!»

አልሰጠችም። በግራዋ ያለው ሰውዬ ባዶ አየር ጨብጦ ተንገዳገደ፣ ከሌላው ተላተመ፣ የመጀመሪያው ካሬ ፈረሰ። ሌሎቹ እሷን ማየት ስለለመዱ እነሱም ተደነቃቀፉ። ካሬ ሲፈርስ የጠሪው ሥራ የታወቀ ነው፤ ወደ ቦታችሁ ብሎ ጮኾ እንደገና ያሰልፋል። ኦረስት አፉን ከፈተ። ማሽኑ ሙዚቃውን ያጫውታል፣ ሌላ ምንም አይልም። ማሳበቢያ የሚሆን ነገር በመድረኩ ላይ አልነበረም።

«ኢሌን» አለ በማይኩ። «ምን ልበል?»

«ምንም» አለች እሷ። ያለ ማይክ ተሰማች። «ትንሽ ዝም በል።»

ማይኩን ወደ ጭኑ አወረደ። ኢሌን ጎርደንን እጁን ይዛ ራሷ በመረጠችው አቅጣጫ መሽከርከር ጀመረች። ሌሎቹ መጀመሪያ ድምፅ ማጉያውን አዩ፣ ቀጥሎ እሷን አዩ፣ ከዚያ አንድ ሁለቱ እንደ ምንም ብለው ተነቃነቁ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። ኦረስት እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ ቆመ።